በውርጭና በአቀበት መካከል፦ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ዲናሞና ባትሪ ጥገና በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ የሞተር ብስክሌት ጥገና ሙያ ታሪክ ሲመረመር በቅድሚያ ጎልቶ የሚታየው ነገር፣ ወደ አካባቢው የገቡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ገና ሲገቡ ያረጁ ወይም በተሠሩበት አገር ጊዜ ያለፈባቸው የነበሩ መሆናቸው ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃ አንሥቶ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሞተር ብስክሌት ድረስ ባለሙያው ሲጠየቅ የኖረው አዲስ ነገር እንዲሠራ ሳይሆን ሌላው ዓለም የጨረሰውን ዕቃ ዕድሜ እንዲያራዝም ነበር፤ በመሆኑም የአንኮበርና የደብረ ብርሃን የብረት ሙያ ታሪክ በአብዛኛው የጥገና ታሪክ ነው። ይህን በደንብ ከሚያሳዩት የመሣሪያ ክፍሎች አንዱ ባትሪ የመሙላት ሥርዓት፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ባትሪውን የሚመግበው የዲናሞ፣ የሽቦ፣ የሬክቲፋየርና የባትሪ ጥምረት ነው። ጎማ ሲተነፍስ፣ ካቴና ሲበጠስ፣ ፍሬን ሲላላ በዓይን ይታያል፤ ኤሌክትሪክ ሲጎድል ግን የሚታየው የደከመ መብራት ወይም የማይጮኽ ጥሩምባ ብቻ በመሆኑ፣ ጠጋኙ ከእጅ ብልሃት አልፎ ተራ ጠብቆ የመመርመር ልማድ እንዲያበጅ ይገደዳል። በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የመሣሪያ ፍቅር በቤተ መንግሥቱ የተተከለ ነበር። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለጠመንጃና ለማናቸውም የእጅ ጥበብ ውጤት የነበረው ጉጉት በጊዜው ወደ አገሩ በመጡ እንግዶች ሁሉ የተመሰከረለት ሲሆን፣ በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመፈራረም ሲመጣ ከስጦታው ሁሉ ዐቢዩ በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃና ቀላል መድፍ ነበር። ይሁን እንጂ የተሰጠው መሣሪያ ከነጠጋኙ አልተሰጠም። መቀጣጠያው ሲላላ፣ ሰደፉ ሲሰነጠቅ፣ አፈሙዙ ሲዝግ ሥራው የአገሩ ቀጥቃጭ ሆነ። በዚያው ዘመን ለንጉሡ የተሠራ አንድ የውሃ ወፍጮ የሰይጣን ሥራ ተብሎ ሳይሠራበት መቅረቱም ተጽፏል፤ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጠመንጃው የማይታይ ኃይል ያለው ሆኖ ሳለ ማንም ሰይጣን ሳይለው በክብር መጋዘን መግባቱ ነው።

የዕድሜ ነገር ከዚያም በኋላ አልተለወጠም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር የደረሰው ወደ 2,000 ያህል ጠመንጃ አስጭኖ ሲሆን፣ እነዚያ ጠመንጃዎች አውሮፓ ወደ አዲሱ ከኋላ የሚጎርስ መሣሪያ ስትሸጋገር የጣለቻቸው አሮጌዎች ነበሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በዚያን ጊዜ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ስለነበር ነጋዴው ሒሳቡን የተከራከረው በዚያ ነው። ከዚህ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1879፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር መድረሱ በበኩሉ ሌላ ምዕራፍ ከፍቷል። ኢልግ ኋላ የባቡር ሐዲዱ ሐሳብ አንቀሳቃሽና የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ለመሆን ቢበቃም፣ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራው በቤተ መንግሥቱ የተገኘውን ሁሉ መጠገንና ማስተካከልን የጨመረ ነበር።

በአገር ቤት ያለው ባለሙያ ግን ሥራው ሲፈለግ እርሱ ይናቅ ነበር። በአንኮበር አቅራቢያ በማንጥቅ ደን ይኖሩ የነበሩት ጠቢባን፣ ማለትም በብረትና በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩትና በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ በሩቁ የሚታዩት ማኅበረሰብ፣ በ1830ዎቹና 1840ዎቹ በመጡ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የተጠቀሱ ናቸው፤ ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራው እጅ በቡዳነት ይጠረጠር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል። መኪናና ሞተር ብስክሌት ሲመጡ ይህ ንቀት በሚያስገርም ፍጥነት ተለሳልሷል፤ ብረት የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ ሲባል፣ ብረት የሚፈታው መካኒክ ተባለ፣ መካኒክነትም የሚያስከብር ሙያ ሆነ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስልም፤ ሙያው ከውጭ መምጣቱ፣ ከደመወዝና ከጉዞ ጋር መያያዙ፣ ቃሉም ባዕድ መሆኑ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው።

ሙያው በብዛት የመጣው በጎዳና ነው፤ ጎዳናው ደግሞ በጦርነት መጣ። የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያደረገው ጉዞ ወደ 1,700 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን ያሰለፈ ሲሆን፣ ያ ረጅም ሰልፍ በጣርማበር አቀበት በጭቃና በተቆረጠ መንገድ ምክንያት ቆሞ መንገዱን እየጠገነ ለማለፍ ተገድዶ ነበር። ወራሪው አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ከገባ በኋላ ከአስመራ በደሴና በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን መንገድ በአስፋልት ሠርቶ፣ በጣርማበር ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለውን ተራራ በዋሻ በሳው። በዚያው ጎዳና ግራና ቀኝ በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ በእነ ራስ አበበ አረጋይና በእነ ኃይለ ማርያም ማሞ የተመሩ አርበኞች ይዋጉ ስለነበር፣ መንገዱ ለአምስት ዓመታት የዕቃ መተላለፊያም የጦር ሜዳም ሆኖ ቆየ። የኃይለ ማርያም ማሞ ስም ዛሬ በደብረ ብርሃን በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጠራል።

ከመኪናው ጋር ቃሉ ገባ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ጋራዦች ከሚነገረው የሙያ ቋንቋ ውስጥ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማና ፍሬን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዲናሞም እንዲሁ። የዲናሞ ቃል ታሪክ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ በመጀመሪያ ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጠውን፣ ካርቦን የሚባሉ ተጫሪ ጥርሶች ያሉትን የቀድሞውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ብቻ ሲያመለክት ቆይቶ፣ ማመንጫው ተለዋዋጭ ጅረት ወደሚሰጠው አልተርኔተር ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ፣ ቆየት ብሎም የወፍጮውንና የውሃ መሳቢያውን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይቀር ጠቅልሎ ያዘ። መካኒኩ የሚያየው የመዳብ ጥቅልና የሚሽከረከር ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሰጪ ይሁን ተቀባይ በስሙ አይለይም፣ በፊዚክስም ቢሆን ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸውና ስሕተት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከጣሊያኖቹ ጋር የመጡት የሞተር ብስክሌቶች ኤሌክትሪክ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነበሩት፤ የኋላው ሙያ የተመሠረተውም በዚህ ልዩነት ላይ በመሆኑ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። አንደኛው ሥራ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የካንዴላ እሳት መስጠት ሲሆን፣ ይህን የሚፈጽመው ማግኔቶ ነው፤ ማግኔቶ ማለት በሞተሩ ዙር የሚሽከረከር ቋሚ ማግኔት በመዳብ ጥቅል አጠገብ ሲያልፍ ያለ ምንም ባትሪ እሳት የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆነው ዓይነት በ1902 በጀርመን በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ በጎትሎብ ሆኖልድ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ሥራ መብራትና ጥሩምባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተር ብስክሌት የሚያበራው በካርባይድ ጋዝ ፋኖስ ስለነበር ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም ነበር፤ የኤሌክትሪክ አምፖል ፋኖሱን ሲተካ ግን ሞተሩ ቆሞ ሳለም እንዲበራ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ ግድ ሆነ፤ ይህም ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከማግኔቶው ጎን ተጨመረ። እንግዲህ አንድ ሞተር ብስክሌት ባትሪው ሞቶ፣ ዲናሞውም ተቃጥሎ፣ ማግኔቶው ግን ደኅና ከሆነ በእግር ሲመታ ይነሣል፣ ይሄዳልም።

ይህ የአሠራር በረከት ለጥገና ሙያ እርግማን ሆኖበታል። በኢትዮጵያ የመስክ ሥራ የሚታወቁት የጃፓን ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌቶች፣ እንደ ያማሃ ዲቲና ለእርሻ ሥራ ተብሎ እንደተሠራው ያማሃ ኤጂ ያሉት፣ ማግኔቶውንና ባትሪ መሙያውን በአንድ ቮላኖ ሥር አዋሕደው የያዙ ነበሩ፤ ቮላኖ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ሲሆን፣ በውስጡ ማግኔቶች ተተክለውበት በመካከሉ ባሉት ቋሚ የመዳብ ጥቅሎች፣ በሙያው አጠራር ኮይሎች፣ ዙሪያ ይዞራል። አንዱ ኮይል ለካንዴላ፣ አንዱ ለፊት መብራት፣ አንዱ ለባትሪ ይሠራል። የእርሻ ሚኒስቴር፣ የወባ ማጥፋት አገልግሎት፣ የትምህርትና የእንስሳት ሕክምና ሠራተኞች ሥራቸው መኪና በማይደርስበት ገጠር በመሆኑ እንዲህ ያሉ ቀላል ሞተሮች ለመስክ ሥራ የተመቹ ነበሩ። በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከልም በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ስለነበረው ከተማዋ ለመስክ ተሽከርካሪና ለጠጋኙ እንግዳ አልነበረችም። ይሁንና የመስክ ሠራተኛው ሞተር በእግር ተመትቶ እስከተነሣ ድረስ ጥሩምባው ዝም ቢል፣ የመታጠፊያ መብራቱ ባይበራ፣ የፍሬን መብራቱ ቢሞት ማንም ወደ ጋራዥ አያመጣውም፤ ወደ ጠጋኙ የሚደርሰው ጉድለቱ ለዓመታት ከተደራረበ፣ ባትሪው ከደረቀና ሽቦው በሌላ ሽቦ ከተቀጠለ በኋላ ነው። በሽታው ሲጀምር አይቶ የማያውቅ ሐኪም ስለ በሽታው አመጣጥ የሚያውቀው ጥቂት እንደሚሆን ሁሉ፣ የሞተር ብስክሌት ጠጋኙም በዚህ ዘርፍ ዕውቀቱን ያገኘው ከሞተር ብስክሌት ሳይሆን ከጭነት መኪና ነው።

ከ1941 በኋላ በጎዳናው ላይ የቀሩት የጣሊያን ተሽከርካሪዎች፣ በአገሪቱ የቀሩት ጣሊያናውያን ባለሙያዎችና በሥራቸው ያደጉት ኢትዮጵያውያን ረዳቶች የጋራዥ ሙያን ይዘው ቆዩ፤ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱ ሲጠበቅና የጭነት ንግዱ ሲስፋፋ ደግሞ የፊያት ኤንትሬ መኪና በጣርማበር አቀበት የሚጮኸው ድምፅ የአካባቢው የዘወትር ድምፅ ሆነ። የጭነት መኪና ከማግኔቶ ሞተር ብስክሌት ጋር ሲነጻጸር ምሕረት የለውም፤ ባትሪው ከሞተ ሞተሩን በቁልፍ ማስነሣት አይቻልም፤ በውርጭ ሌሊት ያደረ መኪና ጠዋት ሳይነሣ ሲቀር ሾፌሩም ረዳቱም ባለ ዕቃውም አንድ ላይ ይከስራሉ። ስለዚህ በጎዳናው ዳር ባሉ ከተሞች የባትሪ መሙያ ቤት ከጎማ መለጠፊያው ጎን ቦታ አገኘ። ባትሪ ሞይው አሲድ ልብሱን የበሳሳው፣ ሃይድሮሜትር የሚባለውን የመስታወት መምጠጫ ይዞ የእያንዳንዱን ክፍል አሲድ ክብደት የሚለካ ሰው ነው፤ የተሞላ ባትሪ አሲድ ከውሃ 1.26 እስከ 1.28 እጥፍ ሲከብድ፣ ወደ 1.15 ከወረደ ባዶ ለመሆን የተቃረበ ነው። የክፍሎቹ መለያየት የመጀመሪያው የምርመራ ትምህርት ሆነ፤ አምስቱ ክፍሎች ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ የዲናሞው ሳይሆን የባትሪው የራሱ ነው፣ ሁሉም እኩል ከወረዱ ግን ባትሪው ተበድሏል እንጂ አልበደለም።

ይህ ፍርድ ወደ ሞተር ብስክሌቱ ሲሻገር ተራው እንዲህ ሆነ። ጠጋኙ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ያያል፤ ውሃው ከሳህኖቹ በታች ወርዶ እንደሆነ፣ ጫፎቹ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሰው እንደሆነ፣ ከሻሲው ጋር የተያያዘው ሽቦ በቀለም ላይ ታስሮ እንደሆነ ይመረምራል። ባለ 6 ቮልት ባትሪ ሦስት ክፍል ስላለው ተሞልቶ ሲያርፍ ወደ 6.3 ቮልት፣ ባለ 12 ቮልቱ ስድስት ክፍል ስላለው ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ቤንዚን ሲሰጠው ቮልቱ ከፍ ማለት አለበት፤ በ6ቱ ወደ 7.2፣ በ12ቱ ከ14.2 እስከ 14.5 ካልደረሰ አመንጪው ወይም መንገዱ ጎድሏል፤ ከዚህ እጅግ ከበለጠ ደግሞ መቆጣጠሪያው፣ ሬጉሌተር የሚባለው፣ ሞቷልና ባትሪው እየተቀቀለ ነው። በአሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት ሞተሮች ብዙዎቹ ሬጉሌተር አልነበራቸውም፤ የኮይሉን አቅም ከአምፖሉ ዋት ጋር በማመጣጠን ብቻ ይኖሩ ስለነበር፣ አንድ አምፖል ተቃጥሎ በትልቅ ወይም በትንሽ ዋት ሲተካ ሚዛኑ ይፋለሳል። የፊት መብራቱ በዝቅተኛ ዙር ፈዝዞ ቤንዚን ሲሰጠው የሚነጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፈረሰኛው ፈረሱ ሲሮጥ ብቻ እንደሚያይ ያህል ነው።

ከባትሪውና ከሽቦው ቀጥሎ ተራው የሬክቲፋየር ነው። ኮይሉ የሚሰጠው ጅረት በሴኮንድ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ሲሆን ባትሪ ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚቀበል፣ በመካከላቸው እንደ አንድ አቅጣጫ በር የሚሠራ ዕቃ ያስፈልጋል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ይህ በር በሴሊኒየም የተቀቡ የብረት ሳህኖች ድርድር ነበር፤ ሴሊኒየም ከዓመታት ብዛት ይደክማል፣ ሲቃጠልም ኃይለኛ ክርፋት ስለሚያወጣ ጠጋኙ ሽፋኑን ሳያነሣ በአፍንጫው ሊያውቀው ይችላል። ኋላ በሲሊከን ዳዮድ ተተክቷል። ፈተናው አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃዋል፤ አምፖሉ በአንድ አቅጣጫ በርቶ በሌላው ከጠፋ በሩ ደኅና ነው፣ በሁለቱም ከጠፋ ተቆርጧል፣ በሁለቱም ከበራ ግን በሩ ተበርግዷልና ሞተሩ ቆሞ ሳለ ባትሪው በዚያው መንገድ ወደ ኮይሉ ሲፈስስ ያድራል። ማታ ደኅና የነበረ ባትሪ ጠዋት ሞቶ የተገኘ እንደሆነ የውርጩን ነገር ከማንሣት በፊት ይህን መፈተን ይገባል። ዳዮድ ከአሮጌ ሬድዮ ተነቅሎ ሊተካ እንደሚችል ማንም የሬድዮ ጠጋኝ ያውቃል፤ ነገር ግን የሬድዮው ዳዮድ አንድ አምፔር ያህል ብቻ ስለሚሸከም ለሞተሩ ያንሳል፣ ተቃጥሎም እንደገና ያስወቅሳል፤ ከመኪና አልተርኔተር የወጣው ይሻላል።

የውርጩ ነገር ግን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሜዳውን ነጭ የሚያደርግባት ከተማ ናት። የእርሳስ ባትሪ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተመደበው አቅም ወደ 80 በመቶ ብቻ ይሰጣል፤ በዚያው ጊዜ የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ሜዳ ላይ በቆላ ደኅና የሚሠራ ግማሽ የሞተ ባትሪ በደብረ ብርሃን ጠዋት ይጋለጣል። በዚህ ላይ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጉም አገር አቋርጦ ወደ ጎረቤላ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታጁራ ሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ወደነበረችው አልዩ አምባ ቁልቁል ይወርዳል። መብራቱ ከባትሪው በሚመገብ ሞተር፣ በጉሙ ውስጥ በቀን መብራት አብርቶ በዝቅተኛ ዙር መሄድ ኮይሉ ከሚያመነጨው በላይ ከባትሪው እንዲወጣ ያደርጋል፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በቁልቁለቱ መንሸራተት ደግሞ የፍሬን መብራቱን በባትሪው ብቻ ያስበራዋል። ምንም ነገር ሳይሰበር ባትሪ የሚያልቅበት ጉዞ ይህ ነው፤ ጠጋኙም ከሽቦው በፊት የሞተረኛውን አነዳድ ቢጠይቅ አይሳሳትም።

ባትሪውም፣ ሽቦውም፣ ሬክቲፋየሩም ደኅና ከሆኑ የሚቀረው ቮላኖውን አውጥቶ ኮይሉን ማየት ነው፤ እዚህ ላይ ሙያ ያለውና የሌለው ይለያል። ቮላኖ በሾጣጣ ዘንግ ላይ ጠብቆ የተቀመጠ በመሆኑ በመፍቻ ብሎን እየተሳበ ይወጣል እንጂ በመዶሻ አይመታም፤ በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ዘንጉን ሊያጣምም፣ የማግኔቱንም ኃይል ሊያደክም ይችላል፤ ማግኔቱ ከደከመ ደግሞ የቱንም ያህል አዲስ ኮይል ቢገባ ቀድሞ የነበረው መብራት አይመለስም። ኮይሉ ወጥቶ የጠቆረ፣ በላዩ ያለው ቫርኒሽ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም በኮይሉ ሽቦና በብረቱ መካከል አምፖል ሲበራ ከታየ ተቃጥሏል ማለት ነው።

የተቃጠለ ኮይል በሌላ አገር ይጣላል፤ በኢትዮጵያ ግን፣ በተለይ ከ1974 አብዮት በኋላ የውጭ ምንዛሪ ባጠረበትና መለዋወጫ በትእዛዝም በማይገኝበት ዘመን፣ ተጠቀለለ። ዲናሞ ጥቅለላ ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን፣ ጠቅላዩ አሮጌውን ሽቦ ሲፈታ ዙሩን እየቆጠረ ይጽፋል፣ ውፍረቱን ይለካል፣ በዚያው ውፍረት ባለው ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ተመሳሳይ ዙር ይጠቀልላል። በደብረ ብርሃን በ1965 የተቋቋመው የሱፍ ፋብሪካ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለ ማቋረጥ የሚሽከረከርበት ሥፍራ በመሆኑ፣ ለጥቅለላ ከሞተር ብስክሌትና ከጭነት መኪና ውጭም ሥራ የሚሰጥ ነበር። ጠቅላዩ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ አሮጌውን ዙር ሲቆጥር አይደለም። ቀጭን ሽቦ ሲያገኝ ዙር ለመጨመር ይፈተናል፤ ዙሩ ሲበዛ ቮልቱ ቢጨምርም ቀጭኑ ሽቦ ጅረቱን መሸከም ስለማይችል በጥቂት ወራት ይነድዳል። የከፋው ግን የአቅጣጫ ስሕተት ነው፤ የቮላኖው ማግኔቶች በሰሜንና በደቡብ ዋልታ እየተፈራረቁ የተደረደሩ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ያሉት ጥቅሎችም አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ መጠቅለል አለባቸው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተጠቀለሉ አንዱ የሚሰጠውን ሌላው ይሽረዋል፤ ኮይሉ አዲስ፣ ሽቦው አንጸባራቂ፣ ቁጥሩም ትክክል ሆኖ ሳለ አመንጪው ምንም ላይሰጥ ይችላል፣ አምፖሉም በሁሉም ፈተና ኮይሉን ጤነኛ ይለዋል። ይህን ስሕተት የሚያገኘው የጠቀለለው ሰው ራሱ፣ ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ ለተግባሩ ዘግይቶ ደረሰለት። በ1942 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤትና በ1963 በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የማግኔትንና የጅረትን ሕግ በመጽሐፍ ያስተማሩ ሲሆን፣ በጎዳናው ዳር ያለው ጠጋኝ ግን የዲናሞን የማስታወስ ጠባይ፣ ማለትም አሮጌው ዲናሞ ለመጀመር በብረቱ ውስጥ የቀረ ጥቂት ማግኔትነት እንደሚፈልግና ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲረሳው ከባትሪ አንድ ሽቦ ለአፍታ በመንካት እንደሚያስታውሰው፣ ከመጽሐፉ በፊት በእጁ ያውቅ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች ለረጅም ጊዜ በአንድ ጋራዥ ሳይገናኙ ቆይተዋል፤ ምሩቁ ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ፣ ጠጋኙ የሙያ ልጁን በአጠገቡ አቁሞ ያሳድግ ነበር።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ጎዳናዎች የሚበዙት የህንድ ሥሪት ባለ 12 ቮልት ሞተሮችና ባጃጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ በቁልፍ ይነሣሉ፣ ስለዚህ ባትሪው ሲሞት እንደ ቀድሞው ሳይታይ አይኖርም፣ ጉድለቱም በማግሥቱ ወደ ጋራዥ ይመጣል። ዲጂታል መለኪያውም በርካሽ ዋጋ በየመሣሪያ ሣጥኑ ገብቷል። ሆኖም በሣጥኑ ውስጥ አሁንም ሁለት ሽቦ የተበየደበት የመኪና አምፖል ይገኛል፤ ይህም ከልማድ ብቻ አይደለም። ዲጂታል መለኪያ ከሚለካው መስመር የሚወስደው ጅረት እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ከአሥሩ የመዳብ ክር ዘጠኙ በዝገት በተበጠሰና በአንዱ ክር ብቻ በተያያዘ ሽቦ ላይ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ አምፖሉ ግን ለመብራት ጅረት ስለሚጠይቅ በዚያው ሽቦ ጫፍ ላይ ሲነካ ፈዝዞ ቀይ ይሆናል።